ያንን ረጅም ቃል አትዋጡት

ውድ ልጆቼ፣

ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ አንድ የአንገት ጡንቻ ስም ጮክ ብዬ እንዳነብ ተጠየቅሁ፤ ስተርኖክላይዶማስቶይድ። መጀመሪያውን አልኩት፣ መሃሉን አጉረመረምኩት፣ መጨረሻውን ዋጥኩት። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለወራት እጄን አላወጣሁም። እናንተ እንዲህ እንድትሆኑ አልፈልግም።

እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥማችሁ መጀመሪያ በትርጉሙ ክፈሉት። ስተርኖ የደረት አጥንት ነው፤ ክላይዶ ከደረት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት፤ ማስቶይድ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ። ጡንቻው የሚያያዘው በነዚሁ ላይ ነው። ስሙን ከፈታችሁት የአናቶሚውን ግማሽ አጠናችሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ በድምፁ ክፈሉት። ይሄ ሌላ ሥራ ነው። ሄሊኮፕተርን ተመልከቱ። በትርጉም ሄሊኮ እና ፕተር ነው፤ ጥምዝ እና ክንፍ። አፋችን ግን ሄ-ሊ-ኮፕ-ተር ብሎ ይቆርጠዋል። ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱን በሌላው አትተኩ።

የላቲን ቃል ክፍለ ቃሉ በአናባቢዎቹ ልክ ነው። እንደ አንድ የሚነበቡ ጥንዶች አሉ፤ የላቢኢ (የከንፈር ማለት ነው) መጨረሻ ግን ሁለት ኢ ስለሆነ ላ-ቢ-ኢ ተብሎ ሦስት ይሆናል። በኛ ፊደል ጽፋችሁ ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ። ማክሲላ፣ የላይኛው መንጋጋ አጥንት፣ አራት ፊደል ነው፣ ክፍለ ቃሉ ግን ሦስት፤ ማክ-ሲል-ላ። ክ ሳድስ ናት፣ እዚህ አናባቢ የላትም። የላ መጥበቅም በጽሑፉ ላይ አይታይም።

መጥበቁ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ድምፁ የት እንደሚበረታ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከመጨረሻው ሁለተኛውን ክፍል እዩ። አናባቢው ረጅም ከሆነ ወይም እንደ ሲል በተነባቢ ከተዘጋ እዚያው ላይ አበርቱ። ካልሆነ አንድ ወደ ኋላ ሂዱ፤ ስካፑላ (ከትከሻ ጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት) ስካ ላይ የሚበረታው ለዚህ ነው። ቃሉ ሁለት ክፍል ብቻ ካለው የመጀመሪያው ላይ ነው።

የአንገት ለማለት አንዱ ሐኪም ሰርቪካል፣ ሌላው ሰርቫይካል ሲል ብትሰሙ አትደናገጡ። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ይባላል።

ስትለማመዱ ከጭራው ጀምሩ። ቶይድ። ማስቶይድ። ክላይዶማስቶይድ። እኔ በመጨረሻ የተላቀቅኩት እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን አፍ ብቻውን አይፈታውም። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ኢሊየም ይባላል፤ የዳሌ አጥንቱ የላይኛው ክፍልም ኢሊየም። ልዩነቱ መሃል ላይ ያለች አንዲት የላቲን ፊደል ናት፤ በአንጀቱ e፣ በአጥንቱ i። ስትናገሩ አንጀቱን ወይስ አጥንቱን እንደሆነ ጨምራችሁ ንገሩ፤ ስትጽፉ ደግሞ ፊደሏን ደግማችሁ እዩዋት።