ሥራቸው ኅሊናቸውን ላቆሰለባቸው፦ ጥያቄና መልስ

በሆስፒታልና በድንገተኛ አገልግሎት ለሚሠሩ ሰዎች የሥነ አእምሮ ሕክምና እሰጣለሁ። በሥራ ላይ ስለሚደርስ የኅሊና ቁስል፣ ማለትም ሰው ትክክል ነው ብሎ ከሚያምነው ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያደርግ፣ ሲደርስበት ወይም ሲያይ ስለሚመጣ የውስጥ ሕመም፣ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ ለሁለት ሕሙማን አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ነበረን። ለወጣቱ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው አረፉ። ሁሉም «ጥፋትሽ አይደለም» ይሉኛል፤ እኔን ግን አያሳርፈኝም።

መልስ፦ እኅቴ፣ ያ ቃል እውነት ቢሆንም ቶሎ ሲነገር አፍ ያዘጋል። ሁለቱም መዳን ይገባቸው ነበር፤ ኀዘንሽ ከዚያ የመጣ ስለሆነ ማንም ሊያስተባብልሽ አይገባም። መጀመሪያ የሆነውን ከነዝርዝሩ ሳያቋርጥ ለሚሰማሽ ሰው ተናገሪ። ከዚያ ድርሻን መለየት ይመጣል፦ መሣሪያው ለምን አንድ ብቻ ሆነ? ማን ወሰነ? በአንቺ እጅ የነበረው ምንድን ነው? ይህን ከሕሙማኖቼ ጋር በወረቀት ላይ እንሠራዋለን። ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱም የአገሩም ዕዳ በአንዲት ነርስ ስም ተመዝግቦ አገኘዋለሁ። በአሜሪካ ለወታደሮች በተዘጋጀ አንድ የሕክምና ዘዴ ደግሞ ታካሚው በሐሳቡ አንድ የሚያከብረውንና የሚወደውን ሰው ፊቱ ያስቀምጣል፤ የሆነውን ሁሉ ይነግረዋል፤ ያ ሰው ምን እንደሚመልስለትም በራሱ አንደበት ይናገራል። በባለሙያ እገዛ ብትሞክሪው እመክርሻለሁ።

ጥያቄ፦ የኅሊና ቁስል ከሥራ ድካም በምን ይለያል?

መልስ፦ የደከመ ሰው እረፍት ወስዶ ይታደሳል። ኅሊናው የቆሰለ ግን ሲመለስ ያው ነገር ይጠብቀዋል። ጆናታን ሼይ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም የቬትናም ዘማቾችን ሲያክሙ፣ ያመኑት አለቃ በከባድ ሰዓት ትክክለኛውን ነገር መክዳቱ ምን ያህል እንደሚያቆስል አስተዋሉ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቻቸው ሰው ራሱ ባደረገው፣ ሊያስቀረው ባልቻለው ወይም ቆሞ ባየው ድርጊትም እንደሚቆስል አብራርተው ጻፉ። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ በሚመጣ ጭንቀት ፍርሃት ይጎላል፤ እዚህ ግን ጸጸት፣ ኀፍረትና ቁጣ ይበረታሉ። ሁለቱ አብረው የሚይዙት ሰውም አለ።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ኃላፊ ነኝ። ለሠራተኞቻችን የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና ሰጥተናል። ምን እንጨምር?

መልስ፦ ሥልጠናው ብቻውን ከሆነ ሠራተኛው «ችግሩ ያለው በእናንተ ነው» እንደተባለ ይሰማዋል፤ ይህም ያስቆጣል። መሣሪያ ሲያጥር ለማን ይሰጥ የሚለው ፍርድ በአካሚው ሐኪም ላይ ብቻ አይውደቅ፤ ቀድሞ የተጻፈ መመሪያና በሕክምናው የማይሳተፍ ቡድን ይኑርዎት። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የጣሊያን የማደንዘዣና የጽኑ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ሲያወጣ አንዱ ዓላማው ይህንኑ የሐኪሞች ሸክም ማቃለል ነበር። ደግሞም ወደ ክፍሎቹ ይውረዱ። «መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ» ተብሎ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ባዶ እጁን ሲመለስ የሚያየው ነርሱ ነው። እርስዎም ይዩት፤ እጥረቱን በግልጽ አምነው ይንገሯቸው። ጉድለት የጠቆመ ሠራተኛ የሚቀጣ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ። መንገድ ተዘግቶ ዘግይቼ በመድረሴ አንዲት ወላድ ሞተችብኝ። ለነፍስ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ እንቅልፍ ግን አጣሁ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ለነፍስ አባትህ መናገርህ መልካም ነው፤ ሕክምናም ጨምርበት። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሃይማኖት አባቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ አብረው ይሠራሉ። ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገር፤ ብቻህን አትደር፤ ወደ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ነኝ። ከአቅሜ በላይ አረጋውያን ይመደቡልኛል። ልልቀቅ?

መልስ፦ መልቀቅ ሽንፈት አይደለም፤ አንዳንዴ ትክክለኛው ውሳኔ ነው። እስከዚያው ግን ምደባው ለአረጋውያኑ አደገኛ በሆነ ቁጥር ለአለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቅጂውን የሕሙማን ስም ሳይኖርበት ያዢ። አንዳንድ የነርሶች ማኅበራት ለዚሁ የተዘጋጀ ቅጽ ስላላቸው በሥራ ቦታሽ ማኅበር ካለ ጠይቂ።