እንግዶ ለሴሊያክ ታማሚ ይስማማል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ በምርመራ ሴሊያክ የሚባል የአንጀት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ወዲህ ስንዴና ገብስ አናቀምሳትም። ጤፍ በእኛ ደጋ ስለማይበቅል ከገበያ እንገዛላታለን፤ ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ እየሆነ ነው። ከማሳችን የምናገኘውን እንግዶ በእንጀራና በአጥሚት ብሰጣት ይጎዳታል?
እናት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ በሌላው አካባቢ አጃ የሚባለው እንግዶ በራሱ የሴሊያክ ታማሚን አንጀት የሚጎዳው፣ ግሉተን የተባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የለውም፤ ያለው አቬኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ አዋቂ ታማሚዎች በቀን ከ50 እስከ 70 ግራም አጃ እንዲመገቡ ተደርጎ የአንጀታቸው ግድግዳ እንዳልተጎዳ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ንጹሕ አጃ አብዛኞቹን ታማሚዎች እንደማይጎዳ ያመለክታሉ፤ ጥቂቶችን ግን አቬኒኑ ራሱ ያሳምማቸዋል።

የእርስዎን እንግዶ በተመለከተ ግን አሁን ባይሰጧት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በአካባቢዎ እንግዶ ብዙውን ጊዜ ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል፣ በአንድ አውድማ ይወቃል፣ በአንድ ጎተራ ይከርማል። «ከግሉተን ነጻ» የሚባል ምግብ በኪሎው ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። አንዲት የስንዴ ፍሬ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ስትመዝን ከዚህ አንድ አሥረኛ ያህሉ ግሉተን ስለሆነ፣ በአንድ ኪሎ እንግዶ ውስጥ አምስት ስድስት የስንዴ ፍሬ ከተገኘ ልኩ ሞላ ማለት ነው፤ የገብስም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሰፌድ አበጥረው ፍሬ በፍሬ ቢለቅሙትም እንኳ ወፍጮ ቤት ሲደርስ፣ ከእርስዎ በፊት የተፈጨው የገብስ ዱቄት ከድንጋዩና ከቋቱ ላይ አብሮ ይወርዳል፤ ይህን ደግሞ ዓይን አይለየውም።

ለወደፊቱ እንግዶውን ለብቻው ዘርተው፣ ለብቻው ወቅተው፣ ገብስ ባልነካው የእጅ ወፍጮ ማስፈጨት ከቻሉ፣ የልጅዎ ሕመም ከታገሠና የደም ምርመራዋ ከተስተካከለ በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተመካክረው በትንሹ ሊያስጀምሯት ይችላሉ። ሆዷ ከተነፋ፣ ተቅማጥ ከያዛት ወይም ክብደቷ ከቀነሰ ወዲያው ያቁሙ፤ ምልክት ባይታይባትም የደም ምርመራው ይደገም።

እስከዚያው ጤፉን ዱቄቱን ሳይሆን ፍሬውን ገዝተው ገብስ ባልነካው የእጅ ወፍጮ ያስፈጩት፤ እርሾዋም የገብስ ሊጥ ያልነካው ይሁን። ብዙዎች ይህን ይዘነጉታልና አደራ እላለሁ። የጤፍ ወጪው እንዲቀልልዎት ደግሞ ደጋው የማይነፍገውን ድንች አዘውትረው ይቀቅሉላት፤ ድንች ግሉተን የለውም፣ ወፍጮ ቤትም አይሄድም።