ዩኒቨርሲቲ ለማኅበረሰቡ ምን ይፈይዳል? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናሉ። ከፍተኛ ትምህርት የአገርን ማኅበራዊ ችግር ይፈታል ወይ? አምስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምሁራኑ ጥናት ያሳትማሉ፣ ችግሩ ግን ባለበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ለተራው ሰው የደረሰበት ጊዜ አለ?

መልስ፦ አለ። አሜሪካ ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ በ2014 ወጪ ለመቀነስ ብላ የመጠጥ ውሃዋን ከወንዝ መቅዳት ጀመረች። ቧንቧው እንዳይበላ የሚከላከለው ኬሚካል ግን አልተጨመረም። እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ከአሮጌ ቧንቧዎች እየተፈቀፈቀ ውሃው ውስጥ ገባ። ነዋሪው ቀለሙ ተቀየረ፣ ሸተተ፣ ልጆቻችንን ሽፍ አደረገብን እያለ ጮኸ። ባለሥልጣናቱ ደህና ነው አሉት።

በ2015 አንዲት እናት አቤቱታዋን ይዛ የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዘንድ ደረሰች። ተመራማሪውና ተማሪዎቹ 300 ያህል የናሙና መውሰጃ ዕቃ ለከተማው አዘጋጁ። ነዋሪዎቹ ጠዋት ተነስተው፣ ማንም ቧንቧ ሳይነካ፣ ውስጡ ያደረውን ውሃ በጠርሙስ ቀዱ። ከ250 በላይ ናሙና ተመለሰ። አንዲት የሕፃናት ሐኪም ደግሞ በልጆቹ ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን አሳየች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከተማዋ ወደ ቀድሞ ውሃዋ ተመለሰች። ይህን ታሪክ በጣም የምወደው ጥያቄው ከሰዎቹ ወጥ ቤት ስለመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው መለኪያውንና እውቀቱን ጨመረበት፣ ናሙናውን የቀዱት ግን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስለ ድህነት መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከካምፓስህ አጥር ውጪ ጀምር። ሙሐመድ ዩኑስ ባንግላዴሽ ውስጥ በቺታጎንግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ያስተምር ነበር። በ1974 አገሩ ውስጥ ረሃብ ገባ። ክፍል ውስጥ የሚያስተምረውና ደጅ የሚያየው አልገናኝ አለው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወዳለችው ጆብራ መንደር ሄደ። እዚያ የቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ አንዲት ሴት አገኘ። ቀርከሃ መግዣ ስለሌላት ከነጋዴ ትበደራለች፣ በርጩማውንም መልሳ የምትሸጠው ለዚያው ነጋዴ ነው፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ። ቀኑን ሙሉ ሠርታ እጇ ላይ የምትቀረው ሳንቲም ናት። በ1976 ዩኑስ ለ42 ሰዎች 27 ዶላር ገደማ ከኪሱ አበደረ። በ1983 ለድሆች አነስተኛ ብድር የሚሰጠው ግራሚን ባንክ በይፋ ተቋቋመ፣ በ2006 ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት መጣ።

አነስተኛ ብድር ብቻውን ድህነትን እንደማያጠፋ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህንንም ጽሑፍህ ውስጥ አትዝለለው። አንተ ግን ከዩኑስ አጠያየቁን ውሰድ። ሰዎቹን «ድሃ ናችሁ?» ብለህ መጠይቅ አታስሞላ። ትናንት ምን ገዙ፣ ከማን ተበደሩ፣ ለማን ሸጡ? እሱን ቁጭ ብለህ ስማ። ስትጨርስም ውጤቱን መልሰህ ንገራቸው። ብዙ ተማሪ ይህችን የመጨረሻዋን ይረሳታል፣ እኔንም በጣም ታሳዝነኛለች።

ጥያቄ፦ ልጄ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ። ሥራ የለም። ለምን አስተማርኩት እላለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎም የልጅዎም አይደለም። ዲግሪ በራሱ የሥራ ቦታ አይፈጥርም። ተመራቂ ከሥራው ቁጥር ሲበልጥ ቀጣሪ መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል፣ ድሮ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ይይዘው የነበረው ወንበር ዲግሪ ይጠየቅበታል። ዞሮ ዞሮ በጣም የሚጎዳው መማር ያልቻለው ነው። ይህ የኢኮኖሚ ጉዳይ ስለሆነ ልጅዎን «ሰነፍ» ብለው አይውቀሱት። ቤት መዋል ብቻውን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የተማረ ሰው ሲበዛ ጥላቻ አይቀንስም?

መልስ፦ እኔም እንዲህ ብዬ አምን ነበር። ጥር 20 ቀን 1942 በርሊን ዳርቻ ባለችው ቫንሴ ላይ 15 የናዚ ጀርመን ሹማምንት ተሰብስበው የአውሮፓን አይሁዶች ስለመጨረስ ተነጋገሩ። ከ15ቱ ስምንቱ ዶክትሬት ነበራቸው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ «ካልተማረ ነው» የሚለው ማብራሪያ አይዋጥልኝም። ሙያ ብቻ የተማረ ሰው ክፋቱንም በሙያ ይሠራዋል።

በዚያው አገር የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑት ሃንስና ሶፊ ሾል የናዚን ግፍ የሚያጋልጥ በራሪ ወረቀት ይበትኑ ነበር። የካቲት 18 ቀን 1943 ወረቀቱን በየአዳራሹ በር ላይ አስቀመጡ፣ የቀረውን ሶፊ ከፎቅ ላይ ለቀቀችው። የዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ሠራተኛ አይቶ አስያዛቸው። በአራተኛው ቀን ተገደሉ። ፕሮፌሰራቸው ኩርት ሁበርም በዚያው ዓመት ተገደለ። ስለዚህ ስለ ትምህርት ሲወራ ምን ያህል ሰው ተመረቀ ብቻ አትበሉ። ታሪክ፣ ሥነ ምግባርና ክርክር እንደ ትርፍ ኮርስ የሚታዩ ከሆነ ነገሩ ያሰጋል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ወደ ገጠር ሄዶ እንዲያገለግል ማስገደድ ልክ ነው?

መልስ፦ ሜክሲኮ ከ1936 ጀምሮ የሕክምና ተማሪዎቿን እንዲህ እንዲያገለግሉ ታስገድዳለች። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ግን አንዲት ወጣት ሐኪም ያለ መድኃኒት፣ ያለ አማካሪ፣ በሩ የማይቆለፍ ክፍል ተሰጥቷት ብቻዋን የምትጣል ከሆነ አልደግፍም። መጀመሪያ ቁልፉና ማታ ደውላ የምትጠይቀው ሰው ይዘጋጅላት።