የባንክ ማጭበርበር ክስ በዕርቅ ይዘጋል? ስለ ህንድ ሕግ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሳቸው ጥያቄዎች በህንድ ሕግ በተከራካሪዎች ዕርቅ ሊቋጩ የማይችሉ የወንጀል ክሶችን፣ በተለይም ከባንክ ማጭበርበር ጋር የተያያዙትን የሚመለከቱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሕጉ በዕርቅ አይቋጭም ያለውን ክስ ፍርድ ቤት በምን ሥልጣን ይሰርዛል? ሕጉን መሻር አይሆንበትም?

ጤና ይስጥልኝ። ይህ የህንድ ዳኞችንም ያከራከረ ጥያቄ ነው። የ1973ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 320 በስምምነት የሚቋጩ ወንጀሎችን ይዘረዝራል። በቀድሞው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 420 የተደነገገው የማታለል ወንጀል በፍርድ ቤት ፈቃድ ዕርቅ ይቀበላል፤ በአንቀጽ 467፣ 468 እና 471 ሥር የሚወድቁት ሰነድን አስመስሎ መሥራትና በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ግን ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ባንክን ያጭበረበረ ሰው ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ሳያቀርብ የሚከሰስበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

በሌላ በኩል አንቀጽ 482 የፍርድ ሂደት ያለአግባብ መገልገያ እንዳይሆን ለመከላከልና ፍትሕን ለማስፈን ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ያላቸው ሥልጣን የተጠበቀ መሆኑን ይገልጻል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሦስት ዳኞች በ2012 በጊያን ሲንግና በፑንጃብ ግዛት ጉዳይ እንደወሰኑት፣ እነዚህ ሁለት ሥልጣኖች የተለያዩ ናቸው፤ በመጀመሪያው ጉዳዩን የሚዘጋው የተከራካሪዎቹ ስምምነት ሲሆን በሁለተኛው ግን ስምምነቱን እንደ አንድ ፍሬ ነገር ብቻ የሚመዝነው የፍርድ ቤቱ የራሱ ኅሊና ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ድንጋጌዎቹን ወደ አንቀጽ 359 እና 528 አዛውሯቸዋል።

ጥያቄ፦ ዕዳው ተከፍሎ ባንኩም «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» ካለ ክሱ ለምን ይቀጥላል? ተበዳዩ ባንኩ አይደለም ወይ?

እዚህ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎች አንድ ወጥ ናቸው ብዬ ልሸፍንላችሁ አልችልም። በ2008 በቀረበለት ጉዳይ አንድ ድርጅት በሐሰተኛ ሰነዶች ከአንድራ ባንክ ከሚገባው በላይ ብድር ወስዷል ተብሎ ነበር። ሆኖም ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ ባቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር እንደሌለ በማረጋገጣቸው፣ ፍርድ ቤቱ የወንጀሉን ክስ ማስቀጠሉ ፍሬ ቢስ ነው ሲል ሰረዘው።

በ2013 ግን ዕዳው በተከፈለበት ተመሳሳይ ጉዳይ የተሰረዘውን ክስ ወደ ነበረበት መለሰው። ምክንያቱም ከባንክ ሥራ ጋር ተያይዞ የተፈጸመ ማታለል የሚጎዳው ባንኩን ብቻ ሳይሆን የባንኩን ደንበኞችና ኅብረተሰቡን ጭምር ነው የሚል ነበር። በ2015ም ሐሰተኛ ሰነድ በማቅረብ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስ የሚሆንበት ሰነድ) አስከፍቷል የተባለ ተከሳሽ ከባንኩ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን ቢከፍልም፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የሁለት ወገኖች የግል ጠብ አይደለም ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም። በ2017ም የሀገርን የገንዘብና የኢኮኖሚ ደኅንነት የሚነኩ ወንጀሎች ከግል ክርክር የተለዩ መሆናቸውን ሌላ የሦስት ዳኞች ችሎት አጽንቷል። ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ በ2024 ባንኩ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብሎ ፋይሉን የዘጋባቸው ክሶች ተሰርዘዋል።

እኔ የ2013ቱ አመለካከት ሚዛን ይደፋል ባይ ነኝ። በሐሰተኛ ሰነድ የወጣው ገንዘብ የአስቀማጮች ገንዘብ ነው፤ ከተያዙ በኋላ መክፈል የሚያስቀር ከሆነ ደግሞ ወንጀሉ ከተራ ብድር የሚለየው በምኑ ነው? ይሁን እንጂ ክርክሩ በመሠረቱ የመያዣ ግምት ወይም የክፍያ መዘግየት ሆኖ ሳለ ባንኩ ለማስፈራሪያ የወንጀል ክስ ያቀረበባቸው ጉዳዮችም አሉ፤ ለእነዚህ የ2008ቱ መንገድ ይበጃል።

ጥያቄ፦ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አብሮ ከተከሰሰስ?

በ1988ቱ የሙስና መከላከያ ሕግ የተከሰሰ ሠራተኛ በባንኩ ስምምነት ክሱን ማሰረዝ እንደማይችል የጊያን ሲንግ ውሳኔ በግልጽ ይናገራል። የግል ተበዳሪዎቹ ዕጣ ግን ከእሱ ሊለይ ይችላል። በ2014 የባንክ ኃላፊዎች በሙስና ሕግ በተከሰሱበት መዝገብ፣ የማታለልና የማሴር ክስ ብቻ የቀረበባቸው ተበዳሪዎች ክሳቸው ተሰርዞላቸዋል።

ጥያቄ፦ ማመልከቻው መቼና ለማን ይቀርባል?

ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ክሱን የሚያየው የሥር ዳኛ ይህ ሥልጣን የለውም። በምርመራ ላይ እያለ የቀረበ ዕርቅ ማስረጃ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ከመጣው የተሻለ ጆሮ ያገኛል።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያስ ባንኩ ከታረቀ ዐቃቤ ሕግ ይተወዋል?

በእኛ ሕግ ባለጉዳዩ በመታረቅ ሊያስቆማቸው የሚችላቸው በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርቡትን ክሶች ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድ ያለበት የባንክ ማጭበርበር ከእነዚህ ውስጥ አይገባም። ክስ ማንሳትም የባንኩ ሳይሆን የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ነው። ዕዳውን የከፈለ ተከሳሽ የሚጠቀመው በቅጣቱ ላይ ነው፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት መካስን በጠቅላላ የቅጣት ማቅለያነት ይቀበለዋል።