ለፊደል ጉባኤ ምን ይዤ ልሂድ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም! ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጁን ላይ ኒው ዮርክ ለሚደረገው ታይፖግራፊክስ ለሚባለው የፊደል ንድፍ ጉባኤ ትኬት ቆርጫለሁ። ከደስታዬ ብዛት ቀን እየቆጠርኩ ነው። ግን ደግሞ ፈርቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ላቲን ፊደል ይመስለኛል፣ የእኔ ግማሹ ሥራ ደግሞ የሀበሻ ሬስቶራንት ሜኑ፣ የሠርግ ጥሪና የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ነው። እዚያ ሄጄ ምን እላለሁ? ምንስ ላዘጋጅ?

መልስ፦ እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! መጀመሪያ ስለ ቦታው ላውራሽ፣ ቦታው ራሱ ያጓጓል። ታይፖግራፊክስ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው ማንሃተን ውስጥ፣ ኩፐር ዩኒየን በሚባለው ኮሌጅ ነው። ንግግሮቹን የምትሰሚው ምድር ቤት ባለው ታላቁ አዳራሽ ነው። አብርሃም ሊንከን በ1860 ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆን ያን ዝነኛ ንግግሩን ያደረገው እዚያው ነው። ከዋናው ጉባኤ ዙሪያ የተግባር ሥልጠናዎችና የከተማ ጉብኝቶች አሉ። አንድ ነገር አደራ የምልሽ፣ ኩፐር ዩኒየን ውስጥ በአሜሪካዊው ግራፊክ ዲዛይነር በኸርብ ሉባሊን ስም የተሰየመ የጥናት ማዕከል አለ። በየመሳቢያው ፖስተር፣ የፊደል ናሙና፣ የድሮ መጽሔት የተቀመጠበት ቤት ነው። በቀጠሮ ስለሚገባ ከአሁኑ ጻፊላቸው።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ስለ ላቲን ብዙ ይወራል፣ እውነት ነው። ግን ስለ ዐረብኛ፣ ስለ ህንድ ፊደላት፣ ስለ ቻይንኛና ጃፓንኛ የሚናገሩ ሰዎች መድረክ ላይ እየበዙ ነው። እና አንቺ ባዶ እጅሽን አይደለም የምትሄጂው። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ላይ የወጣው በ1513 ሮም ውስጥ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ጉተንበርግ ከሞተ ገና 45 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ስሙ በየኮምፒዩተሩ የፎንት ዝርዝር ውስጥ ያለው ፈረንሳዊው ፊደል ቀራጭ ጋራሞን እንኳ የራሱን ፊደል መቅረጽ አልጀመረም። በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ስለ ፊደል ታሪክ ወሬ ሲነሳ ይህን ንገሪያቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚሰሙሽ።

ሜኑ ነው የምሠራው ብለሽ ሥራሽን አታሳንሺ። እኔ እንዲያውም ይዘሽው መሄድ ያለብሽ እሱን ነው እላለሁ። አስቢው፣ አንድ ገጽ ላይ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታስቀምጫለሽ። ሁለቱንም 12 ፖይንት አድርገሻል። እንግሊዝኛው ትንንሽና ትልልቅ ፊደል ስላለው መስመሩ ወጣ ገባ ይላል፣ አየር አለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ቁመት ነው። ስለዚህ አማርኛው እንደ ድንጋይ ካብ ጥቅጥቅ ይልብሻል። አሳንሰሽው ትሞክሪያለሽ፣ ያኔ ደግሞ እናቶች አያነቡትም። የመስመሩን ርቀት ትጨምሪያለሽ፣ ዋጋው ከምግቡ ስም ጋር አልገጥም ይላል። ይህን በየሳምንቱ የምትታገይው አንቺ ነሽ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሚቀመጡት ስንቱ ነው ሁለት ፊደል አንድ ገጽ ላይ አስማምቶ የሚውለው?

ሌላም አለ። ቢ እና ቤን አጉልተሽ እያቸው። ቢ እግሯ ላይ ትንሽ ሰረዝ አለ፣ ቤ ላይ ደግሞ በሰረዙ ቦታ ቀለበት ይመጣል። ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው ይቺው ብቻ ናት። አሁን ፎንቱን ቦልድ አድርጊውና አሳንሺው፣ ከዚያ ርካሽ ወረቀት ላይ አትሚው። ቀለበቱ ውስጥ ያለችው ነጭ ትደፈናለች። «ጤና» የሚለው ቃል «ጢና» ይመስላል። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ ገምተን እናልፈዋለን፣ ስም ላይ ወይም የመድኃኒት ወረቀት ላይ ሲሆን ግን በግምት አይታለፍም። ላቲን የሚሠሩትም የፊደል ቀዳዳ ሲደፈን የሚገጥማቸው ነገር ስለሆነ ገና ስታሳያቸው ይገባቸዋል። ሳድሱ ደግሞ የባሰ ነው። ብ፣ ት፣ ር፣ ን፣ ል እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የሚለወጡት፣ አንድ ምልክት ሠርቶ ሁሉም ላይ መለጠፍ አይቻልም። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹ፣ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ጥሩ የአማርኛ ፎንት ለምን ዓመታት እንደሚፈጅ ለመግለጽ ይህ ይበቃሻል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ቀላል ነው። በስልክ የሚታይ ፖርትፎሊዮ ይኑርሽ፣ እሺ፣ ግን ወረቀት ያዢ። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ከሥራሽ አንዱን ሜኑ እንዳለ አትሚ። ከጎኑ ቢ እና ቤን በአምስት ስድስት መጠን ደርድሪ፣ ከትልቅ እስከ ደቃቃ፣ በቀጭኑም በቦልዱም። የፊደል ሰዎች ወረቀት ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል፣ ጎንበስ ብለው ነው የሚያዩልሽ። እና «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። «ይቺ ቀለበት እንዳትደፈን እናንተ ብትሆኑ ከየት ትቀንሱ ነበር?» በያቸው። ያኔ ወሬው ወደ ሥራ ይገባል። ጉባኤው ታይፕላብ የሚባል ዘና ያለ ክፍል አለው፣ ሰዎች ያላለቀ ሥራቸውን የሚያሳዩበት። ወረቀትሽን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ወደዚያ ሂጂ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለሶፍትዌር ሰዎቹ አንሺልኝ። እኛ ዘመም ያለ ጽሕፈት የለንም። ኮምፒዩተሩ ግን አንድ ሰው ኢታሊክ ሲጫን ፊደላችንን ገፍቶ ያጋድመዋል፣ ሲነበብ ዓይን ያደክማል። የብራና ጸሐፊዎቻችን አንድን ቃል ማጉላት ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ነው የሚያነሱት። የእግዚአብሔርን ስም፣ የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ። ታዲያ ፕሮግራሙ አማርኛ መሆኑን ካወቀ ለምን ሌላ ማጉያ አያቀርብም? ይህን ጥያቄ ማንም ሊያነሳላቸው አይችልም፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ካልሆነ በቀር። ዊንዶውስ ላይ የምናውቀው ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት የጆን ሃድሰንና የጄራልዲን ዌድ ሥራ ነው፣ አፕል ላይ ያለው ከፋ የጄሬሚ ኦርኑስ። በጥንቃቄ ነው የሠሩት፣ አመሰግናቸዋለሁም። ግን ሀ ሁ ሂ እያለ ያደገ ዓይን የሚያየው ነገር አለ፣ ያ ዓይን ፎንቱ ሲሠራ አብሮ መቀመጥ አለበት።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ቅዳሜ ባልቲሞር ድረስ ንጂና ዎልተርስ ሙዚየም ግቢ። መግቢያው ነፃ ነው፣ የኢትዮጵያ ስብስባቸውም ትልቅ ነው። ለእይታ የወጣ ብራና ካገኘሽ ሥዕሉን እለፊውና ጽሕፈቱ ላይ ቁሚ። በወስፌ የተበሳው ነጥብ ከጠርዙ ላይ ይታያል፣ መስመሩ ከዚያ ተስቦ ያለ ቀለም ተጭሯል። መቃ ብዕሩ የት እንደወፈረ፣ የት እንደቀጠነ ተከታተይ። ቁም ጸሐፊው ቀለበቷን ምን ያህል ክፍት እንዳደረጋት ተመልከቺ። ለካ መልሱ እዚያ አለ ትያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ዲዛይን ይማራል። ይኸው የፊደል ስብሰባ አለ ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ፊደል እኮ አራት ዓመቱ ላይ ቆጥሯል። ልስጠው ወይስ ይቅር? — አንዲት እናት

መልስ፦ እናቴ፣ ከቤት ኪራይ የሚነካ ገንዘብ ከሆነ ይቅር። ንግግሮቹ ኋላ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይወጣሉ፣ እነሱ አያመልጡትም። ከተረፈዎት ግን ይስጡት። ስልክዎ ላይ የሚያነቡት እያንዳንዱ ፊደል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሣለው ነው፣ ይህ እንጀራ የሚበላበት ሙያ ነው። ልጅዎ እዚያ የሚያገኘው ዋናው ነገር ሰው ነው። አሠሪም፣ አስተማሪም፣ የልምምድ ቦታም ከእንደዚህ ዓይነት ቀን ይገኛል። እርስዎ ግን አንድ ነገር ያስጠንቅቁት፣ የተማሪ ዋጋ ይጠይቅ፣ በጎ ፈቃደኛ ይፈልጉ እንደሆነም ይጻፍላቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። የፊደል ሰዎች ማኅበር የሆነው ኤታይፒአይ በ2025 ኮፐንሃገን ላይ ላደረገው ጉባኤ ስዘጋጅ ከርሜ ቪዛ ተከለከልኩ። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ እውነቱን ንገሩኝ፣ ከዚህ ሆኖ ይህን ሙያ መማር ይቻላል?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ስንት ወር የጠበቁትን ነገር በአንድ ማኅተም መከልከል ያማል፣ ቀላል ነው አልልህም። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1957 ነው፣ ጉባኤውንም ከአገር አገር ያዞረዋል። 2023 ፓሪስ ነበር፣ 2024 ብሪስቤን። ስለዚህ አንድ ኤምባሲ በሩን ቢዘጋ ሌላ ዓመት ሌላ አገር አለ። ለሚቀጥለው ግን እንደ ተመልካች ብቻ አትሂድ፣ የንግግር ሐሳብ ጽፈህ ላክ። ተቀባይነት ካገኘህ በተናጋሪነት የሚጻፍልህ ደብዳቤ ለቪዛውም ይረዳል።

እስከዚያ መማር ይቻላል ወይ ላልከው፣ በደንብ ይቻላል። ያለፉት ጉባኤዎች ንግግር ዩቲዩብ ላይ ተጭኗል። ብቻህን አትየው፣ ሦስት አራት ጓደኛ ሰብስብና አንድ ካፌ ውስጥ በሳምንት አንድ እየተመለከታችሁ ተከራከሩ። የብራና ናሙና ከፈለግህ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል፣ ተመዝግበህ በነፃ ታያለህ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደግሞ በታክሲ የምትደርስበት ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችን የምትቀናብህ ነገር አለህ ማለት ነው።

ከዚያ ሥራ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፣ ግን ስንት ማተሚያ ቤት ዛሬም በድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ይሠራል! ጽሑፉን ቀድተህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው የማይነበብ ምልክት ይሆናል፣ ጎግልም አያገኘውም። በአካባቢህ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ጋር ተስማማና የድሮ ፋይሎቻቸውን ወደ ዩኒኮድ ቀይርላቸው። ፊደል በፊደል ስታርም እያንዳንዷን ፊደል አውቀሃት ነው የምትነሳው፣ ይህን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም። ገንዘብ የሚከፈልህም ሥራ ነው።

ሌላው ታፔላ ነው። በእጅ የተጻፉት ታፔላዎች በየቀኑ እየወረዱ በባነር እየተተኩ ነው። የፀጉር ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱ፣ የጎሚስታው። ጸሐፊዎቹ ፊደሉን ከቦታው ጋር ለማስማማት ያሳጠሩት፣ ያወፈሩት፣ የጠመዘዙት ነገር ሁሉ ያለ መዝገብ እየጠፋ ነው፣ እኔን ይህ በጣም ነው የሚያስጨንቀኝ። ስልክህን አውጣና ከፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ አንሳ፣ ሰፈሩንና ቀኑን ጻፍ፣ የጻፈውን ሰው ካገኘኸው በምን ብሩሽ እንደሠራው ጠይቀው። ይህ ራሱ ለጉባኤ የሚቀርብ ንግግር ነው። የሰበሰብከውን ለዝግጅት ክፍላችን ላክልን፣ ሌሎቻችሁም ካላችሁ ጨምሩበት፣ በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ አስለቅቀንላችኋል።