የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሥነ ምህዳር ሞዴል ለመንገድና ለኤሌክትሪክ መስመር ቀያሾች

ጥያቄ፦ በአንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የመንገድ ዲዛይን መሐንዲስ ነኝ። በደቡብ ጎንደር ለሚሠራ የገጠር መንገድ የቀረበልን የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የአዕዋፍንና የዱር እንስሳትን ሥርጭት የሚተነብይ የሞዴል ካርታ ተያይዞበታል። ካርታው መስመራችን የሚያልፍበትን አካባቢ በሙሉ «ዝቅተኛ ጠቀሜታ ያለው» ይለዋል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግን በመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዳሉ፣ ጦጣም ብዙ ዓይነት ወፍም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚመላለስ ይነግሩናል። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ ሽማግሌዎቹን ይቀበሉ፤ ካርታውን ግን ሳይጥሉ ወደ አዘጋጁ መልሰው ሁለት ነገር ይጠይቁት።

እንዲህ ያለው ሞዴል የሚሠራው አንድ ዝርያ ታይቶ የተመዘገበባቸውን ነጥቦች ሰብስቦ፣ በእነዚያ ቦታዎች ያለውን የዝናብ መጠን፣ ሙቀት፣ ከፍታና የዕፅዋት ሽፋን በማጥናት፣ የቀረውን መሬት ደግሞ ምን ያህል ከእነዚያ ቦታዎች ጋር እንደሚመሳሰል ነጥብ በመስጠት ነው። ስለዚህ ካርታው የሚናገረው ስለ መመሳሰል እንጂ እንስሳው በቦታው ስለ መኖሩ ወይም ስላለመኖሩ አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠይቁት የካርታው አንዲት ካሬ በመሬት ላይ ምን ያህል ስፋት እንዳላት ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚወሰደው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት መረጃ ጎንዋ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ካሬ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ይህም 100 ሄክታር መሆኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሄክታር አይበልጥም። 5 ሄክታር የሆነ የጽድና የወይራ ደን በእንዲህ ያለ ካሬ ውስጥ ሲገባ የካሬው ባሕርይ የሚወሰነው በቀሪው 95 ሄክታር የጤፍ ማሳና የግጦሽ መሬት ስለሆነ ደኑ ከስሌቱ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፤ ሊያየው በማይችልበት መጠን ነው የቀረበለት። ያንኑ ደን 10 ሜትር በ10 ሜትር በሚለየው የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ብናየው 500 ካሬዎች ይይዛል። በደቡብ ጎንደር ከአካባቢው የተፈጥሮ ደን የተረፈው አብዛኛው በእነዚህ አጥቢያዎች ዙሪያ የቆመው በመሆኑ፣ እነርሱን የማያይ ሞዴል ለእርስዎ ሥራ እጅግም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ጥያቄ የምዝገባ ነጥቦቹ ከየት መጡ የሚለው ነው። በአገራችን የወፍና የእንስሳት ምዝገባዎች በአብዛኛው በአስፋልት ዳር፣ በከተሞች አቅራቢያና ጎብኚ በሚበዛባቸው ፓርኮች ዙሪያ የተከማቹ ናቸው። ይህ ያልተስተካከለበት ሞዴል የሚማረው ወፉ የት እንደሚኖር ሳይሆን ተመልካቹ የት እንደሄደ ነው፤ ባዶ የሆነ የካርታ ክፍልም ብዙ ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ቦታ ነው። ባለሙያው ለማነፃፀሪያ የወሰዳቸውን ነጥቦች ምዝገባው ከተከማቸባቸው ከእነዚያው አካባቢዎች መርጦ ይህንን ማካካሱን በጽሑፍ ያሳይ። «ትክክለኛነቱ 0.9 ነው» የሚል ቁጥር ብቻ ቢያቀርብልዎ አይርኩ፤ ሞዴሉ የተፈተነው ከተማረባቸው ነጥቦች ጎን ባሉ ነጥቦች ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አያስደንቅም።

ለመንገድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሽማግሌዎቹ የነገሯችሁ የመመላለስ ጉዳይ ነው። ለዚህ የሚሆነው የትስስር ሞዴል የሚባለው ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ሰርኪትስኬፕ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መሬቱን እንደ ኤሌክትሪክ ዑደት ይቆጥረዋል። ለደን ዝቅተኛ፣ ለታረሰ ማሳ መካከለኛ፣ ለአስፋልትና ለሰፈር ከፍተኛ የመቋቋም ዋጋ (ለእንስሳው ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ) ሰጥቶ በሁለቱ ደኖች መካከል በስሌት «ፍሰት» ይለቃል። ፍሰቱ ተጨናንቆ በጠባብ የሚያልፍበት ቦታ፣ ለምሳሌ የወንዝ ዳር ዛፎች ወይም የማሳ ድንበር ቁጥቋጦ፣ ከተቆረጠ ምትክ የሌለው መተላለፊያ ነው። መስመርዎ እዚያ ላይ ካረፈ ጥቂት መቶ ሜትሮች ማዞር፣ ካልተቻለም ድልድዩን አስረዝሞ በወንዙ ዳርና ዳር ለእንስሳቱ ደረቅ መተላለፊያ መተው ይቻላል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የኬንያ ተራራን ደን ከንጋሬ ንዳሬ ደን የሚያገናኘው መተላለፊያ በአውራ ጎዳና ሲቋረጥ ከመንገዱ ሥር ለዝሆኖች መሿለኪያ ተሠርቶላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ በዚያው ማለፍ ጀምረዋል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ፈቃዱ ከሥራው መጀመር በፊት እንዲገኝ ያዛል። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጥናቶች ግን የሚደርሱት መስመሩ ተቀይሶ፣ ካሳው ተገምቶ ካበቃ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሞዴል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከሰነዱ ጋር የሚጠረዝ ሥዕል ከመሆን አያልፍም። አማራጭ መስመሮች ገና በእርሳስ ሳሉ ያስመጡት።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መስመር ዝርጋታ ነው። ወፍ በሰማይ የሚበር ሆኖ ሳለ የምድር ካርታ ለእኛ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ የት እንደሚያርፍ ይነግራችኋል። በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ላይ ዋናው አደጋ ወፉ በበረራ ከሽቦ ጋር መጋጨቱ ሲሆን፣ እናንተ በምትዘረጉት የመካከለኛ ኃይል መስመር ላይ ግን ምሰሶ ላይ ሲያርፍ ክንፉ ሽቦውንና ከመሬት ጋር የተገናኘውን ብረት በአንድ ጊዜ ሲነካ በኤሌክትሪክ መያዙ ነው። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ከ1.5 ሜትር በላይ ይሆናል። ከባልካንና ከቱርክ ተነሥቶ የዚያን አገር የብርድ ወራት ለማሳለፍ ወደ እኛ በተለይም ወደ አፋር የሚመጣው ይህ ወፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በፖርት ሱዳን አቅራቢያ በተሠራ አንድ መስመር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲያልቅ ኖሮ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል። መስመሩ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ሁሉን ምሰሶ በሽፋን መከለል ውድ ስለሆነ፣ ሞዴሉ የሚጠቅመው ቅድሚያ የሚሰጠውን ለመለየት ነው። የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች መንገድ፣ ገደላማ ቦታዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቄራዎችና የቆሻሻ መጣያዎች በካርታው ውስጥ ይግቡ። ከከተማ ቄራ አጠገብ ያሉት ምሰሶዎች ጥንብ አንሳ የሚሰፍርባቸው መሆናቸውን የማያውቅ የለም፤ ሆኖም በንድፍ ሰነድ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለውን ሞዴል ለመሥራት ውድ ሶፍትዌር ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። የዝርያ ሥርጭት ሞዴል የሚሠራው ማክሴንት፣ የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስና ለስታቲስቲክስ የሚያገለግለው አር ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የዱር አረቢካ ቡናን የወደፊት ዕጣ የተነበየው፣ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም የተሳተፈበት የታወቀ ጥናት የተሠራው በማክሴንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2080 ለቡናው የሚስማሙት የዛሬ ቦታዎች ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ ያሳየው ይኸው ጥናት ነው። እጥረቱ ያለው በምዝገባ ነጥቦቹ በኩል ስለሆነ ከመስክ ሲመለሱ ዝርያውን ያገኙበትን ብቻ ሳይሆን ፈልገው ያጡበትንም ቦታ፣ የፈለጉበትን ሰዓትና ቀን ጨምረው በጂፒኤስ ይመዝግቡ።