የሚጮህ መሳቢያ፦ ሀዲድ ከመግዛትሽ በፊት ክፍተቱን ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ። ባንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። «የልብስ ኮመዲኖዬ መሳቢያ ሲዘጋ ቤቱን ያናጋዋል፣ ልጄን ይቀሰቅስብኛል፣ ሶፍት ክሎዝ ላስገባለት ወይ?» ብለሻል፤ መሳቢያውን በራሱ ቀስ አድርጎ የሚዘጋውን ሀዲድ ማለትሽ ነው። አምና እኔም ቃል በቃል ይህንኑ ስል ነበር። ማንም ስላልመከረኝ በሁለት እጥፍ ከፍዬ ተማርኩ። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም፣ ባለቤቴ እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለች።

ያንቺም ኮመዲኖ እንደኔው ነው ብዬ ልነሳ። የእኔ ሐረር የተሠራ ነው፣ ዋንዛና ኮምፔንሳቶ፣ መሳቢያው እንጨት በእንጨት ላይ የሚሄድ። ሐረር እያለ ጠበቅ ብሎ ቀስ እያለ ይዘጋ ነበር። በአይሱዙ ጭነን በደንገጎ ቁልቁለት አውርደን ድሬዳዋ ስናስገባው፣ በዚህ ሙቀት እንጨቱ ደርቆ ሸሸ። ክፍተቱ ሰፋ። ከዚያ በኋላ መሳቢያው ገፋ ሲያደርጉት እየበረረ ገብቶ ጓ! ይላል። የድሮ የሐረሪ ቤት ብልህ ነው አቦ፣ ዕቃውን ግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ በተሠራ ጣቃ (መደርደሪያ) ላይ ደርድሮ ይኖራል፣ የሚጮህ ነገር የለውም።

አሁን በተራ ልንገርሽ።

1. ኮመዲኖው ቀጥ ብሎ መቆሙን እዪ። መሳቢያው ውስጥ ብይ አስቀምጪ። ወደ ኋላ ከተንከባለለ ሳጥኑ ወደ ኋላ አጋድሏል ማለት ነው፣ መሳቢያውም ቁልቁለት ስለሚሄድ ነው የሚሮጠው። ከኋላ እግሮቹ ሥር ካርቶን አጥፈሽ አድርጊ።

2. ሻማ። መሳቢያውን አውጥተሽ እንጨት ከእንጨት የሚነካካበትን ሁሉ በሻማ እሺ። ዘይት እንዳትቀቢ! የእኛ አቧራ ዘይት ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ግን ሻማው የሲጢጥታውን ድምፅ ነው የሚያጠፋው፣ ጓታውን አይደለም፤ እንዲያውም ስለሚያንሸራትተው ይብስበታል። ስለዚህ የመሳቢያው ፊት ከሳጥኑ ጋር የሚጋጭበት ቦታ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ወንበር እግር ሥር የሚለጠፈውን ወፍራም ጨርቅ ወይም ትንንሽ ክብ ጎማ ለጥፊበት። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ሰው ነበርኩ። አላቆምኩም።

3. ሶፍት ክሎዝ ያለው ሀዲድ። ይኸ በጎን የሚታሰረው፣ ውስጡ ትንንሽ ኳሶች ያሉት ነው። ጫፉ ላይ ስፕሪንግና ዘይት ያለበት ቀጭን ሲሊንደር አለ። መሳቢያው ሊዘጋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይይዘውና በራሱ ቀስ አድርጎ ይስበዋል። ሱቅ ውስጥ አሳዩኝ፣ ልቤ ጠፋ፣ ለሦስት መሳቢያ ሦስት ጥንድ ገዛሁ። ሳልለካ።

ስሚኝ፣ ያ ሀዲድ በየጎኑ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። በሁለቱም ጎን 26 ማለት ነው። የእኔ መሳቢያ በየጎኑ የነበረው ክፍተት 4 ነው! አራት! የሳጥኑ ውስጥ ስፋት 760 ሚሊ ሜትር፣ መሳቢያው 752። ሀዲዱ እንዲገባ መሳቢያው ፈርሶ 734 ሆኖ እንደገና መሠራት ነበረበት። ይህን ያኔ የነገረኝ የለም፣ ሻጩ ጭራሽ ሜትር አላነሳም።

አናጢ ጠራሁ። ሰውየው ከሰዓት ነው የመጣው፣ ከበርጫ ተነስቶ፣ ወላሂ በምርቃና ላይ ያለ አናጢ እንዲለካ አይደረግም። በዓይኑ አየና «ይገባል» አለ። ቆርጦ 740 አደረገው። ስድስት ሚሊ ብቻ ነው የበለጠው፣ እኔም ስድስት ሚሊ ምን ታደርጋለች ብዬ ዝም አልኩ። በመዶሻ እየመታ አስገባው። የኮመዲኖው ጎን ወደ ውጭ ተነፋ። መሳቢያው ሊዘጋ ሁለት ጣት ሲቀረው ቀጥ ይላል፣ ምክንያቱም ሀዲዱ ተጨንቆ ስፕሪንጉ ሊስበው አልቻለም። ልጄን አልቀሰቀሰም፣ እውነት ነው፣ ግን መሳቢያውም አይዘጋም። በሳምንቱ የላይኛውን በጉልበት ስስበው የኳሶቹ መያዣ ተጣመመና ኳሶቹ ሴራሚኩ ላይ እንደ ሽምብራ ተበተኑ።

ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሳልጨርስ ሻጩ በአገጩ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። እሺ አይመለስ፣ ያልተነኩትን ሁለት ጥንድ እንኳ ቀይርልኝ ብለው፣ አብሮት ወደተቀመጠው ሰው ዞሮ «መሳቢያ በእጁ መዝጋት ያቃተው ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለና ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል። አንቺ ስትገዢ ሳይከፈል በፊት «ካልገባ እመልሳለሁ» ብለሽ ተስማሚ፣ የሀዲዱን ካርቶንም እዚያው ከፍተሽ አንዱን ጎትተሽ እዪው።

ያዳነኝ አጎቴ ነው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። (እዚህ አንቱታ ብዙም የለም፣ እሱም «እርስዎ» ብለው ይስቅብኛል።) መሳቢያውን አየ፣ አናጢውን ረገመ፣ ከዚያ «የድሮው የባቡር ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። 1 ሜትር ማለት 1 ሜትር ነው፣ አንድ ሜትር ከምናምን አይደለም። አንተ የድሬ ልጅ ሆነህ ሀዲድ በመዶሻ ታስገባለህ?» አለኝ። አፈርኩ።

እሱ የለካው በአንድ ቦታ አይደለም። ከፊት፣ ከመሐል፣ ከኋላ። የሳጥኑ ኋላ ከፊቱ 3 ሚሊ ይጠብ ነበር! ያንን ፈታን፣ አስተካከልን፣ መልሰን አሠርን። መሳቢያውን አፍርሶ በ734 ገጠመው፣ ኮላ አድርጎ ከጥግ እስከ ጥግ በገመድ ለካ፣ ሁለቱም አግድም እኩል እስኪሆኑ ገፋ አደረገው። ሀዲዱ ላይ ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ፣ መጀመሪያ በእነሱ ሁለት ሁለት ብሎን ብቻ አሠረ፣ ከፍቶ ዘግቶ አይቶ፣ ወደ ላይ ወደ ታች አስተካክሎ፣ ከዚያ ነው የቀሩትን የመታው። ርዝመቱንም እንዳትረሺ፣ ሀዲዱ በአብዛኛው በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው የሚመጣው፣ የሳጥንሽ ጥልቀት 42 ከሆነ 40 እንጂ 45 አይገባም።

ለተሰበረው ምትክ ሌላ ጥንድ ገዛሁ። ከሌላ ሱቅ!

አራተኛ ላይ ነበርኩ መሰለኝ። አዎ፣ አንዳንዴ መሳቢያውን የሚስበው መያዣ ከቦታው ይወጣና መሳቢያው እንደ ድሮው ይመታል፤ አትደንግጪ፣ እስከ መጨረሻው አንዴ ጠንከር አድርገሽ ግፊው፣ ይመለሳል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ።

አሁን የእኔ በአንድ ጣት ይዘጋል። አጎቴ ቤት ሲመጣ ቡና ሳይቀርብለት በፊት መኝታ ቤት ገብቶ ሦስቱንም ከፍቶ ይዘጋቸዋል።

ያንቺ ክፍተት ከ13 በታች ከሆነና መሳቢያውን በሥርዓት የሚያፈርስልሽ ሰው ከሌለሽ፣ ሁለተኛው ላይ ቁሚ። ነገ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ መሳቢያውን አውጪና ከፊት፣ ከመሐል፣ ከኋላ ለክተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። በሚሊ ሜትር ነው፣ «ትንሽ ነው» እንዳትዪኝ።